«ዉድ ዩ ማይንድ?» ስንባል «የስ» ነው ወይስ «ኖ»?

አብዛኞቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ነው የተማርነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእሱ ሆነ። ፓሲቭ ቮይስ ቀይሩ ስንባል እንቀይራለን፤ ኮንዲሽናሉን ሦስቱንም ዓይነት በቃላችን እንወጣዋለን። ይሁንና አንድ የውጭ አገር ሰው ካፌ ውስጥ ጠጋ ብሎ በትህትና «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሳት ሂር?» ቢለን፣ ማለትም «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን «የስ፣ የስ» እንላለን። ሰውየው ግራ ይገባዋል። በቃሉ ከተሄደ የመለስንለት «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ብለን ነዋ! ፊታችን «ኖር» ይላል፣ አፋችን ደግሞ «ሌላ ቦታ ፈልግ» ይላል።

ይህቺም ነገር ሆና ይጻፍባታል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወንበር ለመጋራት ከሆነ እውነትም ትንሽ ነገር ናት። የእኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ግን ነገ መቅረጸ ድምፅ ይዞ፣ ካሜራ ይዞ የሰው ፊት የሚቆም ነው። ከአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ላይ፣ ከእርዳታ ድርጅት ቢሮ፣ ከታላቁ ሩጫ መነሻ ላይ አማርኛ ከማይችል ሰው ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገሩ አይቀርም። ያን ጊዜ ይህቺ አነጋገር ፈቃድ የተሰጠበትን ከተከለከለበት የምትለይ ናት። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብናያት ጊዜ ማባከን አይመስለኝም።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ማይንድ» የሚለውን ሁላችንም የምናውቀው በስምነቱ ነው፤ አእምሮ ማለት ነው። ግስ ሲሆን ግን መንገዱን ይቀይራል። በድሮው እንግሊዝኛ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ቃል ነበር። ከዚያ ልብ ማለት፣ መጠንቀቅ ወደሚል ትርጉም ሄደ። ይህ ትርጉሙ ዛሬም አለ፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎች በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለውን ክፍተት እንዲጠነቀቁ «ማይንድ ዘ ጋፕ» እያለ የሚያስጠነቅቀው ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ሲሆን በዓለም የታወቀ ሆኗል። እዚያ «ማይንድ» ማለት «ልብ በሉ» ነው። አንድ ነገር ልቡን የነካው፣ ያሳሰበው ሰው ደግሞ ነገሩ ቅር አሰኝቶታል ማለት ነው። በጥያቄያችን ውስጥ ያለው «ማይንድ» እንግዲህ ይኼኛው፣ ቅር መሰኘት የሚለው ነው። «ኔቨር ማይንድ» ስንባልም «ቅር አይበልህ፣ ተወው» መባላችን ነው።

ይህ ከገባን መልሱ በራሱ ይወጣል። «ቅር ይልሃል?» ለሚል ጥያቄ ፈቃደኛ የሆነ ሰው «አይ» ይላል፤ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ወይም «ኦፍ ኮርስ ኖት»። ያልፈቀደ ሰው ነው «የስ» የሚለው። ማለትም በዚህ ጥያቄ ላይ «ኖ» በር ይከፍታል፣ «የስ» በር ይዘጋል።

ባለፈው ሴሚስተር በቃለ መጠይቅ ኮርሳችን ላይ አንድ ከውጭ የመጡ እንግዳ ወደ ክፍላችን ተጋብዘው ነበር። በየተራ ሦስት ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቃቸው ነው የታዘዝነው። አንዱ የክፍላችን ልጅ፣ እንግሊዝኛው ከሁላችንም የሚሻል ነው፣ ሪከርደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሚያምር አነጋገር «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሪኮርድድ ዚስ?» አላቸው። እንግዳው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ኖ» አሉ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ሪከርደሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተና በብዕር መጻፍ ጀመረ። እንግዳው እያዩት ገረማቸው መሰለኝ፣ ግን ዝም አሉ። ሲጨርስ መምህራችን «ለምን አልቀረጽክም?» ሲሉት «ከለከሉኝ እኮ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ ውስጥ ያሰብኩት የተገላቢጦሹን ነበር። ፈቃድ ተሰጥቶት ሳይቀርጽ የቀረ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። «የስ» ተብሎ እንደ ተፈቀደለት ቆጥሮ የቀረጸ ሰውስ?

ለመሆኑ ለምን እንሳሳታለን? አንዱ ምክንያት የራሳችን ቋንቋ አመላለስ ይመስለኛል። አማርኛ ተናጋሪ «አልመጣም እንዴ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰውየው ካልመጣ «አዎ፣ አልመጣም» ቢል የሚገርመው የለም። አዎ የሚለው የጠያቂውን ሐሳብ ነው፤ «እንዳልከው ነው» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ግን በዚያ ቦታ «ኖ፣ ሂ ሃዝንት» ያሰኛል፤ የሚያየው የጠያቂውን ሐሳብ ሳይሆን ነገሩ መሆን አለመሆኑን ነው። ስለዚህ «የስ» እና «ኖ» ከ«አዎ» እና «አይ» ጋር አንድ ለአንድ አይገጥሙም። በዚህ ልምድ ያደገ ጆሮ፣ ሆዱ አሉታ የሆነ ጥያቄ ሲመጣበት ቢደናገር አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የሚገርም ነው። ይህ ዓይነት ጥያቄ እኮ በአማርኛም አለ! «ቅር ካላለዎት»፣ «ቅር ይልዎታል?» እንላለን። እንግዲያው ለምን አያደናግረንም? ልብ ብላችሁ ስሙ፤ «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሻል?» ለተባለች ልጅ መልሷ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ኧረ ምን ቅር ይለኛል!» ትላለች፤ ወይ «ኧረ ተቀመጥ» ትላለች፤ ወይ ደግሞ ምንም ሳትል ቦርሳዋን ታነሳለች። አማርኛ ችግሩን ያለፈው ግሱን ደግሞ በመመለስ ወይም በ«ኧረ» ነው። በእንግሊዝኛ ስንናገር «ኧረ»ን የምትተካ ቃል ስናጣ ነው ያቺን አጭር «የስ» የምንወረውራት።

በነገራችን ላይ ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ በሰዋስው መጽሐፍ አይመልሱም። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ሲባሉ «ሹር፣ ጎ አሄድ» የሚሉ በጣም ብዙ ናቸው፤ «የህ፣ ጎ አሄድ» የሚሉም አሉ። በቃሉ ከሄድን «አዎ ቅር ይለኛል፣ ቀጥል» ሊሆን ነው፣ አይደል? እነሱ ግን የሚመልሱት ለቃሉ ሳይሆን ለልመናው ነው፤ ጥያቄውን እንደ «መስኮቱን ልክፈተው?» ይሰሙታል። ስለዚህ ሚስጥሩ ያለው ከመጀመሪያዋ ቃል ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። «የህ» ተብሎ ወዲያው «ጎ አሄድ» ከተከተለ ተፈቅዷል። «የስ» ተብሎ ዝምታ ከተከተለ፣ ወይም «ዌል...» ተብሎ ከተጎተተ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። «የስ ካሉ ሁልጊዜ ክልከላ ነው» ብሎ መደምደምም ስለዚህ አያዋጣም። በፊልም ብቻ የተማረ ሰው አንዱን ሰምቶ ሌላውን ይስታል።

አሁን ደግሞ አጠያየቁን እንይ፤ እዚህ ላይ ያለው ጥፋት ከመልሱ አያንስም። «ዉድ ዩ ማይንድ ቱ ኦፕን ዘ ዶር» የሚል እንግሊዝኛ ግቢያችን ውስጥ በየቀኑ ይሰማል። ከአማርኛ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። እኛ «መክፈት» ስንል አንዲት «መ» ሁሉን ትችላለች። እንግሊዝኛ ግን «ቱ ኦፕን» እና «ኦፕኒንግ» ብሎ ይለያል፤ «ማይንድ» ደግሞ የሚወደው ሁለተኛውን ነው። ትክክሉ «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዶር?» ነው።

ከዚህ የባሰው ማን ምን እንደሚሠራ የሚያምታታው ነው። «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ» ስንል የሚከፍተው የምናናግረው ሰው ነው። እኛ ልንከፍት ከሆነ «ኢፍ አይ ኦፕንድ» ማለት አለብን። እንግዲህ አንድ ጋዜጠኛ ሚኒስትር ፊት ቆሞ «ዉድ ዩ ማይንድ ሪኮርዲንግ ዚስ?» ቢል የጠየቀው «ይህን ቢቀርጹልኝ ቅር ይልዎታል?» ብሎ ነው። ሚኒስትሩን ቀራጭ አደረጋቸው ማለት ነው። በቲቪ ጣቢያ ከሆነ ካሜራውንም ሊያሸክማቸው ነው!

«ኢፍ አይ ኦፕንድ» ላይ ግሱ ለምን ያለፈ ጊዜ እንደሚሆን ብዙ ተማሪ ይጠይቃል። ያለፈ ነገር የለም፣ በሩ ገና አልተከፈተም። ይህ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ መሆን የለበትም። ቢሮ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» እንላለን። ፈልገን የተውነው ነገር ኖሮ ነው? አሁንም እንፈልጋለን፣ ለዚያውም ለእሱ ብለን ነው ደረጃውን የወጣነው። «ነበር» የገባችው ልመናውን ወደ ኋላ ራቅ ለማድረግ፣ ሰውየው «አይሆንም» ቢል እንዳይከብደው ነው። እንግሊዝኛውም ያለፈውን ጊዜ የሚያስገባው ለዚሁ ነው። ለዘብ ባለው «ዱ ዩ ማይንድ» ከጀመርን ግን የአሁኑ ጊዜ ይበቃል፤ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን» እንላለን። በ«ዉድ» ስንጀምር «ኦፕንድ» ይሻላል። በንግግር ብዙ ሰው ይህን ቢያደባልቀውም በጽሑፍ መለየቱ ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? «ተናገር»፣ «ክፈት» ብሎ መገላገል አይቻልም ነበር? እዚህ ላይ ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙትና በ1987 ራሱን ችሎ በመጽሐፍ የወጣው ስለ ትህትና የሚያትት ሥራቸው ይጠቅመናል። እንደነሱ አባባል ማንኛውም ልመና የሰውን ነፃነት በትንሹም ቢሆን ይነካል። ስለዚህ ጠያቂው ጥያቄውን ሲያቀርብ ለተጠያቂው ማምለጫ ቀዳዳ ይተውለታል። «ዉድ ዩ ማይንድ» ቀዳዳዋን አስቀድማ የምትሠራ ጥያቄ ናት፤ «መቼም ቅር ሊልህ ይችላል» ብላ ነው የምትነሳው።

አማርኛ ይህን ሥራ ለሌላ ክፍል ሰጥቶታል። «ይንገሩኝ» ስንል ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን አንቱታው ራሱ ግሱ ውስጥ ስላለ ማንም አይቀየምም። «እስቲ»ን ብንጨምርበት ደግሞ ጭራሽ ይለሰልሳል። እንግሊዝኛ በአንድ ወቅት «አንተ» የምትባል «ዛው» ነበረችው፤ ከዕለት ተዕለት መደበኛ ንግግር ከጠፋች ግን ዘመናት አልፈዋል። ዛሬ ለንጉሡም ለሊስትሮውም «ዩ» ነው። አንቱታ በግሱ ውስጥ የሌለው ቋንቋ ትህትናውን በዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ያወጣዋል ብል የተጋነነ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ልጅ በልቡ «ይንገሩኝ» እያለ በአፉ «ቴል ሚ» ሲል፣ አንቱታው መንገድ ላይ ይራገፍና ፈረንጁ ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ንገረኝ» ነው። እንግሊዛዊቷ ምሁር ጄኒ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ጽሑፍ የዚህ ዓይነቱን አለመግባባት ከሰዋስው ስህተት ለይታ አሳይታለች። ሰዋስው የሳተን ሰው ሰሚው «ቋንቋው ገና አልገባውም» ብሎ ያልፈዋል፤ ትህትና የሳተን ሰው ግን «ባለጌ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው ይከብዳል። በተለይ እንግሊዝኛው ጥሩ ለሆነ ሰው ይብሳል፣ «ቋንቋ ስላልቻለ ነው» የሚልለት የለማ።

ወደ ሙያችን ልመለስ። ፈቃድ መጠየቅ ለጋዜጠኛ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ነገሩ ሕዝብ በተሰበሰበበት የተፈጸመ ሲሆን፣ የመሳሰሉት። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ምስል ነው። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ግን ከአንዲት ተራ እናት ፈቃድ ሳያገኙ ድምፃቸውን ወስዶ ሬዲዮ ላይ ማውጣት፣ አንቀጽ ባይጠቀስበትም፣ ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም።

ታዲያ ፈቃዱ ከባድ ነገር ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ስንጠይቅ «ዉድ ዩ ማይንድ»ን እንተዋት ወይ? በእኔ አስተያየት ለመስኮትና ለወንበር እንጠቀምባት። ለመቅረጸ ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ማለፍ አያስተማምንም። በትህትናዋ እንጀምርና መልሱ በደንብ ካልለየልን ቀናውን ጥያቄ እንድገም፤ «ሶ፣ ኢዝ ኢት ኦልራይት ኢፍ አይ ሪኮርድ?»። በዚህኛው ላይ «የስ» ማለት ይቻላል፣ «ኖ» ማለት አይቻልም ነው። ግራ የሚያጋባ ነገር አልቀረም። ከዚያ ሪከርደሩ ሲበራ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቆ መልሱን ድምፁ ላይ ማስቀረት ጠቃሚ ነው። ነገ «አልፈቀድኩም» ቢባል ማስረጃ ይሆናል።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ፊት ለፊት ላለ ሰው ግልጽ መልስ ነው፤ የውጭ ሰው ግን የደነገጥን ይመስለዋል። ማይክ ላይ ደግሞ እንኳን ፈቃድ፣ መልስም አትመስልም። ስቱዲዮ ተቀምጦ ያን የሚያዳምጥ ኤዲተር የሚሰማው ጥያቄ፣ ቀጥሎ ትንሽ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳችን ትንፋሽ ሲስቡ «አዎ አሉኝ?» ብሎ በቃል ማስባሉ ተገቢ ነው፤ ነገሩ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ።

ክልከላውን መስማትም መማር አለብን፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ጨዋ ሰው ሲከለክል ክልከላ አይመስልም። «የስ፣ አይ ዱ ማይንድ» ብሎ ፊት ለፊት የሚል ጥቂት ነው፤ በጣም ጠጣር ስለሆነ የተናደደ ሰው ካልሆነ አይለውም። የተለመደው «አይድ ራዘር ዩ ዲድንት» ነው፤ «ባታደርገው እመርጣለሁ» እንደ ማለት። እዚህም ያለፈ ጊዜ ገባ፤ ልመናውም ክልከላውም በአንድ ልብስ ነው የሚመጡት። ይህን ሰምቶ «እመርጣለሁ ነው እንጂ አልከለከሉኝም» ብሎ መቅረጽ የቀጠለ ሰው በግልጽ ተከልክሎ የቀረጸ ሰው ነው። የእኛም «እንግዲህ ምን ይደረግ»፣ «እስቲ እናያለን» እንዲሁ አይደሉም? ፈቃድ የሚመስሉ ክልከላዎች ናቸው፤ እኛ ሰምተን እናውቃቸዋለን፣ እንግዳ ሰው ግን በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። መልሳችን አጭር ይሁን፤ «ኦፍ ኮርስ፣ ኖ ፕሮብለም» ብሎ ሪከርደሩን ሰውየው እያየ ማጥፋትና ማስታወሻ ደብተር ማውጣት። «ዋይ?» ብሎ መከራከር ቀዳዳዋን መልሶ መድፈን ነው።

አንድ የቀረች ነገር አለች። «ዱ ዩ ማይንድ!» የሚል ነገር ብቻውን፣ «ኢፍ» ሳይከተለው፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከሰማችሁ ጥያቄ አይደለም፤ «የኔን ወንድም፣ ምን እያደረግክ ነው?» እንደ ማለት ነው። ካሜራ ይዞ ሰው መሐል ሲጋፋ የሰው እግር ለረገጠ ወይም ሌንሱን ሰው አፍንጫ ሥር ላስጠጋ ልጅ የሚባል ነው። ለዚህ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ብሎ የመለሰ ሰው «ኧረ እኔስ ምንም አልመሰለኝ» ብሏል ማለት ነው። «ሶሪ» ብሎ ፈቀቅ ማለት ይበቃል።